በቡሎን የተደፈነ መተንፈሻ፦ ዘይት ማፍሰስ አልቆም ያላት መኪና የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

የዚህችን መኪና ሞተር መተንፈሻ ለማስተካከል የተለወጠው ዕቃ በሙሉ በአንድ እጅ ይያዛል። ባለመኪናዋ ግን ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ጓርኒሲዮን (በክፍሎች መጋጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) አስለውጠዋል፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አስወርደው የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ ቀለበት) አስቀይረዋል፤ በመጨረሻም «ሞተሩ ደክሟል፣ ይከፈት» ተብለዋል። ምንጩ የሞተሩ መተንፈሻ መታፈን ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በየጋራዡ ስለሚደጋገም፣ የዚህችን መኪና ጉዳይ ከነልኬቱ መዝግቦ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

የመኪናዋ ሁኔታ

መኪናዋ ጃፓን ሠራሽ አነስተኛ የቤት መኪና ናት፤ 1.3 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ የእጅ ማርሽ። ሰዓቷ 190 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳያል፤ ሰዓት የሚታመን ከሆነ።

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። መኪናዋ የልጅ ልጆችን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። የአንድ ጊዜ ጉዞዋ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ ትራፊክ ላይ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ) መቆም ነው። ዘይት የሚቀየረው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሲሆን ይህን ያህል ለመንዳት ለእሳቸው ከዓመት በላይ ይፈጃል። «በሥርዓት ነው የማስቀይረው» ብለው ደረሰኞቹን አሳይተውናል። እውነታቸውን ነው፤ የተጻፈላቸውን ጠብቀዋል።

ችግሩ ያደገበት ቅደም ተከተል

ነገሩን ከባለቤቷ ቃልና ከደረሰኞቹ አያይዘን ስንደረድረው እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ቤት ውስጥ ዘይት ታየ። የሰፈር መካኒክ «አስተካክዬዋለሁ» አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማጣሪያው ደረቅ ሆነ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በቫልቭ ከቨሩ (በሞተሩ የላይ ክዳን) ዙሪያ ዘይት ማላብ ጀመረ፤ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ። ቀጥሎ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር መንጠባጠብ መጣ፤ ካምቢዮ ወርዶ የኋላው ኦይል ሲል ተቀየረ። ሳይቆይ ተመልሶ አፈሰሰ። የእንጦጦን ዳገት በወጡበት ቀን ደግሞ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ የሞተሩን ክፍል ዘይት ሞላው።

ሌላ ጋራዥ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ጨምቆ የሚያደርስበትን ግፊት) ለካ። ውጤቱ ወደ 10 ባር ነበር፤ የአምራቹ መጽሐፍ የሚለው 13 ነው። «ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) አልቋል፤ ፒስተን እያስተላለፈ ነው» ተባለና የሞተር ማስከፈቻ ዋጋ ተነገራቸው። እኛ ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከማወጣባት ብሸጣት አይሻልም?» የሚል ነበር። ወጣቱ ሠራተኛችን «እትዬ፣ መሸጡ አያመልጥም፤ መጀመሪያ እንለካት» አላቸው።

ሞተር ለምን ይተነፍሳል?

የፒስተን ፋሻ አዲስም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ነዳጁ ሲፈነዳ ከጋዙ ጥቂቱ በፋሻው ጎን ሾልኮ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ወዳለበት የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። በውስጡ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ አሲድ የሚፈጥሩ ጋዞችና ብዙ የውሃ እንፋሎት አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ሾልኮ የወረደው ግን ቀዝቃዛ ሞተር ካገኘ እዚያው ጠል ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል።

ድሮ ይህ ጋዝ በአንድ ቱቦ ወደ መሬት ይለቀቅ ነበር። በድሮ የናፍጣ ጭነት መኪናዎች ሥር ወደ ታች ተንጠልጥሎ ጭስና ዘይት የሚተፋውን ቱቦ ያየ ያስታውሰዋል። አሜሪካ ውስጥ በአየር ብክለት ምክንያት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ (እ.ኤ.አ.) ጋዙ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ገብቶ እንዲቃጠል ተደረገ፤ ካሊፎርኒያ ቀደመች፣ ሌላው ተከተለ። ዛሬ መንገድ ላይ ያሉ የቤንዚን መኪናዎች ከሞላ ጎደል በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

አሠራሩ ሁለት መስመር አለው። አንዱ ንጹሕ አየር ያስገባል፦ ከአየር ማጣሪያው በኋላ፣ ከትሮትሉ (ነዳጅ ሲረገጥ ለአየሩ ከሚከፈተው በር) በፊት ተነሥቶ ወደ ቫልቭ ከቨሩ የሚሄድ የጎማ ቱቦ ነው። ሌላው ቆሻሻውን ጋዝ ያወጣል፦ ከቫልቭ ከቨሩ በፒሲቪ ቫልቭ (የሚወጣውን ጋዝ በሚመጥነው ቫልቭ) በኩል ወደ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ክፍል) ይሄዳል። ማኒፎልዱ ይስባል፤ የሞተሩ ሆድ ይጸዳል፤ በተሳበው ፈንታ ንጹሕ አየር ይገባል።

ፒሲቪ ቫልቩ በውስጡ በስፕሪንግ የተያዘ ትንሽ ተንሸራታች አለው። በሚኒሞ ማኒፎልዱ አጥብቆ ስለሚስብ ተንሸራታቹ ይጎተትና ቀዳዳውን ያጠብበዋል፤ ሚኒሞው የማይረበሸው በዚህ ነው። በመካከለኛ ፍጥነት ሰፋ አድርጎ ይከፍታል። ነዳጅ እስከ ጥግ ሲረገጥ የማኒፎልዱ ስበት ይጠፋል፣ የሾለከው ጋዝ ደግሞ ይበዛል፤ ትርፉ በንጹሕ አየሩ ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ በትሮትሉ በኩል ይገባል። ስለዚህ ያ ቱቦ እንደ ሁኔታው መግቢያም መውጫም ነው። ማኒፎልዱ ውስጥ እሳት ቢመለስ ቫልቩ ዘግቶ እሳቱ ወደ ዘይቱ እንዳይሄድ ያግዳል።

ከቫልቩ በፊት፣ በቫልቭ ከቨሩ ውስጥ፣ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ቆርቆሮ አለ። ጋዙ በእሱ ተጠማዝዞ ሲያልፍ የዘይቱ ጠብታ ተለይቶ ወደ ታች ይመለሳል። ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው፤ በዚህም ጉዳይ ነገሩን ያረዘመው እሱ ሆነ።

ምርመራው

የዘይት መሙያውን ክዳን ስንከፍት ከሥሩ ነጣ ያለ ቡናማ ለጥ ያለ ቅባት ተጋግሯል። ራዲያተሩ ውሃ አልጎደለም፣ ውሃው ውስጥም ዘይት የለም፤ ስለዚህ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን መቃጠል አይደለም። ቅባቱ የሾለከው ጋዝ ጠልና የዘይቱ ድብልቅ ነው።

ኮምፕሬሽኑን ራሳችን ለካን። አራቱም ሲሊንደሮች ከ9.7 እስከ 10.1 ባር መካከል ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጥቂት ዘይት ጨምረን ስንደግመው ብዙም ከፍ አላለም። ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይት ሲጨመርበት ልኬቱ በግልጽ ይዘላል።

ታዲያ የመጽሐፉ 13 ባርስ? መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቷም ወደ 76 ኪሎ ፓስካል፣ ማለት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ገና ሲገባ ያነሰ ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ 13 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 ገደማ ያሳያል። የዚህች መኪና ሞተር ጤነኛ ነበር። በዚህ አንድ ስሌት ጉድለት ብቻ እዚህ ከተማ ስንት ሞተር ያለ አበሳው እንደተከፈተ አስባለሁ።

የማኒፎልዱ ስበትም እንደዚሁ ነው። በባሕር ጠለል ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይባላል፤ እዚህ ከዚያ 7 ኢንች ያህል መቀነስ ነው። የእሷ 12 ነበር፣ መርፌውም አይወዛወዝም።

ቀጥሎ የሞተሩን ሆድ ግፊት ለካን። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ያረጀ የዘይት መሙያ ክዳን በስተን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ገጠምንበት፤ ቱቦውን በ«ዩ» ቅርጽ አጥፈን እንጨት ላይ አሰርንና ግማሹን ውሃ ሞላነው። ሞተሩ ሲነሣ የሁለቱ ወገን የውሃ ከፍታ ልዩነት ግፊቱን ያሳያል። ደህና ሞተር በሚኒሞ ውሃውን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ራሱ ይስባል። ይህኛው በተቃራኒው 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ገፋው፤ ዙሩን ወደ 2,500 ስናደርሰው ውሃው ከቱቦው ሊፈስ ደርሶ አጠፋነው። አፏን አጥብቀው የወተፏት ጀበና ስትፈላ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ እንፋሎቱ ደካማ ቦታ ይፈልጋል። በዚህች መኪና ደካማው ቦታ አንዴ ጓርኒሲዮኑ፣ አንዴ ኦይል ሲሉ፣ አንዴ የመለኪያው ዘንግ ነበር።

ከዚያ ቱቦዎቹን በእጅ ተከተልን። የንጹሕ አየሩ ቱቦ በማጣሪያው ቤት በኩል ባለው ጫፉ ውስጥ ቡሎን ተወትፎበት በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ) ታስሯል። በማጣሪያው ቤት ላይ ያለው ቀዳዳም በጎማ ተደፍኗል። ከላይ ሲያዩት የተገጠመ ይመስላል፤ ካልነቀሉት አይታይም።

ነገሩ አሁን ቦታ ቦታውን ያዘ። በመጀመሪያ ፒሲቪ ቫልቩ በቅባት እየተዘጋ ሲሄድ ጋዙ በንጹሕ አየሩ ቱቦ ወደ ማጣሪያው ተመለሰ፤ ማጣሪያው ውስጥ የታየው ዘይት የዚህ ምልክት ነበር። መካኒኩ ዘይቱ የሚመጣበትን በር ዘጋ። በሩ ሲዘጋ ንጹሕ አየር መግባቱ ቆመ፣ ጠሉ ሳይወጣ ቀረ፣ ቅባቱ በዛ፣ ቫልቩም ጨርሶ ተዘጋ። ጋዙ መውጫ አጣ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቡሎኑን አውጥተን ቱቦውን ወደ ቦታው ስንመልስ ግፊቱ ወዲያው ወረደ፤ በሚኒሞ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ ማቆም ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ጋዙ አሁንም በተሳሳተው አቅጣጫ ነው የሚወጣው፤ በሳምንታት ውስጥ ማጣሪያው እንደገና ዘይት ይሆን ነበር።

ፒሲቪ ቫልቩን ፈታነው። ሲነቀነቅ ኳ ኳ ማለት የሚገባው ድምፅ የለውም። በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ታጥቦ ድምፁ ተመለሰ፤ መልሰን ገጠምነው። ከዚያ ወሳኙ ሙከራ፦ የንጹሕ አየሩን ቱቦ ቆንጥጦ መያዝ። የማውጫው መስመር ክፍት ከሆነ በዚህ ጊዜ ውሃው ወደ ሞተሩ በኩል በኃይል መሳብ አለበት። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ገፋ። ቫልቩ ኳ ኳ ይላል፣ የማኒፎልዱ ቱቦ አፍም ጣት ይስባል፤ ስለዚህ የተዘጋው ከቫልቩ በፊት ነው ማለት ነው።

ቫልቭ ከቨሩ ወረደ። የመለያው ቆርቆሮ በሪቬት የተመታ ስለሆነ አይከፈትም፤ በቀዳዳዎቹ ሲታይ ግን ውስጡ በጠጠረ ጥቁር ቅባት ሞልቷል። ላምባ ውስጥ አሳድረነው በማግሥቱ በኮምፕሬሰር አየር ነፋነው፤ ግማሹ ወጣ። ድጋሚ ነከርነው፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ እየተነፋ ደረቀ። በመጨረሻ በአንድ በኩል የተሞላ ውሃ በሌላው ያለ ችግር መፍሰስ ሲጀምር ነው የተቀበልነው። አንዳንድ ጋራዥ ሪቬቱን ሰርስሮ ይከፍተዋል፤ ሲመለስ በደንብ ካልታሰረ ቆርቆሮው ካምሻፍት (የሲሊንደሮቹን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ላይ ሊወድቅ ስለሚችል አልሞከርነውም።

ባለመኪናዋ በዚህ መሃል ከሶማሌ ተራ አዲስ ፒሲቪ ቫልቭ አስገዝተው ላኩ። መልኩ ያው ነው፣ ጥርሱም ይገባል። ሲገጠም ግን ሚኒሞው ከፍ አለ፣ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ ጥቂት እንደተነዳ የሞተር መብራት በርቶ የነዳጅ ቅልቅሉ ሳስቷል የሚለውን ፒ0171 ኮድ ጣለ። ሁለቱን ቫልቮች በአፍ ስንነፋባቸው ልዩነቱ ገሃድ ነበር፦ አዲሱ በሚኒሞ ሊያሳልፍ ከሚገባው በላይ ያሳልፋል። የውስጡ ስፕሪንግና ቀዳዳ ለሌላ ሞተር የተለካ ነው። ያን መልሰን የታጠበውን አሮጌ ቫልቭ ገጠምን፤ ኋላ በዕቃ ቁጥሩ ተፈልጎ ኦሪጅናሉ ተገኘ። የማኒፎልዱም ቱቦ ከውስጥ አብጦ ስለነበር አብሮ ተለወጠ፤ ዘይት በማይበላው ቱቦ። የራዲያተር ቱቦ ቆርጦ እዚህ መግጠም የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ግን አለስልሶት በስበቱ ይጣበቃል።

ዘይቱን በተመለከተ ጠንካራ የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ አልተጠቀምንም። ብዙ ቅባት ባለበት ሞተር ማጠቢያው ቅባቱን በአንድ ጊዜ ፈንቅሎ የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ያኔ እውነትም ሞተር ይከፈታል። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) አውርደን ወንፊቱን አየነው፤ ሲሶው ያህል ተሸፍኗል። አጸዳነው፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገባ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ተቀየረ፣ ከ1,500 በኋላ እንደገና። የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሁለተኛው በጣም የተሻለ ነበር።

ውጤቱ

በመጨረሻው ልኬት ሞተሩ በሚኒሞ ውሃውን 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ራሱ ሳበ፤ በ2,500 ዙርም ወደ ውጭ አልገፋም። ንጹሕ አየሩ ቱቦ ሲቆነጠጥ ውሃው በፍጥነት ወደ ሞተሩ በኩል ስለወጣ ቶሎ ለቀቅነው። የፋሻው ጉዳይ እዚህ ላይ ተዘጋ፦ ፋሻው በእርግጥ አልቆ ቢሆን ኖሮ፣ መተንፈሻው ተከፍቶም ዙር ሲጨመር ግፊቱ በታየ ነበር። በቫልቭ ከቨሩ ዙሪያ ማላቡ ቆመ፤ የመለኪያው ዘንግም ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ከቦታው አልተነሣም።

የኋላው ኦይል ሲል ግን አልዳነም። መንጠባጠቡ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ባለመኪናዋ «ተጠግኗል አላላችሁም እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ሲሉን ለመቀየር ብቻ ካምቢዮ ማውረድ ውድ ስለሆነ፣ ፍሪሲዮኑም እያለቀ ስለነበር ሁለቱን በአንድ ላይ ለመሥራት ተስማማን፤ እስከዚያው በየሳምንቱ ዘይቱን እንዲያዩ ነገርናቸው። ጊዜው ደርሶ ሲወርድ የሲሉ ከንፈር ወደ ውጭ ተገልብጦ ተገኘ። አዲሱ ከገባ ወዲህ ሥሩ ደረቅ ነው።

ለሌላ ጋራዥና ለባለመኪና የሚሆን

አንድ ሞተር በተለያየ ቦታ፣ በተለይም በቅርቡ በተቀየረ ኦይል ሲል፣ ዘይት ካፈሰሰ ሌላ ሲል ከመግዛት በፊት የሆዱ ግፊት ይለካ። የውሃው ቱቦ ሥራ ከሻይ ዕረፍት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ልኬቱ በሦስት ሁኔታ ይደረግ፦ እንዳለ በሚኒሞ፣ ዙር ጨምሮ፣ የንጹሕ አየሩን ቱቦ ቆንጥጦ። ሦስተኛው ነው የተዘጋውን ወገን የሚለየው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም እሱን ነው።

የቫልቭ መንኳኳት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የታጠበው አሮጌ ቫልቭ እያንኳኳም መስመሩ ዝግ ነበር፤ ከሶማሌ ተራ የተገዛው የማይስማማ ቫልቭም ያንኳኳል።

በደጋ ከተሞች የሚሠራ ሰው የመጽሐፍ ቁጥርን በከፍታው ልክ ዝቅ አድርጎ ይያዝ። አዲስ አበባ ላይ ኮምፕሬሽን በሩብ ያህል ያንሳል። አዳማ ላይ ቅነሳው ይጠባል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከዚያም ይጠባል። ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ያስተማምናል።

አጭር ጉዞ ለሚሄድ መኪና ዘይት በኪሎ ሜትር ብቻ አይቆጠር። ለእኚህ ባለመኪና በየስድስት ወሩ እንዲቀይሩ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቆሙ ወጣ ብለው እንዲነዱ መክረናቸዋል። ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ ጠሉ አይተንም፤ በሚኒሞ ቆሞ ማሞቅም ያን ያህል አይረዳም። እሳቸው እሑድ እሑድ ወደ ሱሉልታ መንገድ መውጣትን መርጠዋል፤ የልጅ ልጆቹም አልጠሉትም።

በቱርቦ ሞተሮችና በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ ነገሩ ይለያል። በእነሱ ፒሲቪ ቫልቩ በከቨሩ ውስጥ የተቀበረ የጎማ ሽፋን ያለው ሲሆን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ያ ሽፋን ነው። ያኔ ማኒፎልዱ የሞተሩን ሆድ ከልክ በላይ ይስባል፦ ከሲሉ አካባቢ ፉጨት ይሰማል፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑ ተጣብቆ አልነሣ ይላል። እንዲህ የሚጠረጠር መኪና ላይ በውሃ ቱቦ የሚለካ ሰው የ«ዩ»ውን ቁመት ከአንድ ሜትር በላይ ያድርገው፤ አለበለዚያ ሞተሩ ውሃውን ስቦ ከዘይቱ ጋር ይደባልቀዋል።